የማክሰኞና የዓርብ ድምፅ

መምህርቷ ያችን አሮጌ ትንሽ መኪናዋን ጋራዥ ስታመጣት ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ከወር ወዲህ፣ ነዳጅ ስትሰጣት ከሞተሩ ጋር አብሮ "ድድድድ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ጋራዡ ስትነዳት ግን ጸጥ ይላል።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ብዙ አዳመጠ። የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ነካካ።

"ምንም የለባትም፣ እህቴ።"

"እንግዲያው የታመመው የኔ ጆሮ ነው በለኛ፣ ጋሼ!"

አልሳቀም። "መቼ መቼ ነው የምትሰሚው?"

አሰበች። "ማክሰኞና ዓርብ። አማቴን ሕክምና ሳመላልስ።"

"እንግዲያው እሳቸውን ይዘሽ ነይ።"

ባሏ ለሥራ ርቆ ከሄደ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ ብዙ ቃልም ተነጋግረው አያውቁም። ዓርብ ዕለት አማትየው እንደ ወትሮው ከኋላ፣ በቀኝ በኩል ተቀምጠው መጡ። መካኒኩ ከፊት ገባና ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሩ። ድድድድ!

"ይኸው!" አለች መምህርቷ፣ የምሥራች የሰማች ያህል።

ተመልሰው ሲቆሙ መካኒኩ ወረደ። "እማማ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ወደ ፊት ይምጡልኝ።"

"እኔ እዚሁ ይሻለኛል። የፊቱ የኔ ቦታ አይደለም።"

"ማን እንዲህ አለ?" አለች መምህርቷ ዞር ብላ።

"ማንም አላለም። የመጀመሪያ ቀን ዕቃሽን ደርድረሽበት ነበር።"

"የተማሪ ደብተር እኮ ነው፣ እማማ! ለማንሳት እጄን ስዘረጋ እርስዎ ከኋላ ገቡ። እኔ ደግሞ፣ እንደ ታክሲ ነጂ ብቻዬን ሲተዉኝ... አታናግሪኝ ያሉ መስሎኝ።"

መካኒኩ ያልሰማ መስሎ መሬት ላይ ተንጋለለና ከመኪናዋ ሥር ገባ። ከላይ የኋላው በር ተከፈተ፤ የፊቱ በር ተዘጋ።

"አሁን ነዳጅ ስጪ!"

ምንም። ከኋላ የቀኙ ወንበር ባዶ ሆኗል፤ ድምፁም የለም።

የጭስ ማውጫው ቱቦ የተንጠለጠለበት የላስቲክ ማሰሪያ ተቀዶ ነበር። በዚያ በኩል ሰው ሲቀመጥ የመኪናዋ ወለል ዝቅ ይልና ከቱቦው ጋር ይጋጫል። ሴቶቹን አስወርዶ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ለወጠው።

"ከእንግዲህ ከኋላም ቢቀመጡ አትጮኽም፣ እናቴ" አለ እጁን እየጠረገ።

አማትየው ሁለቱን በሮች አዩ። ከዚያ የፊቱን ከፈቱ።

መንገድ ላይ፣ "ሦስተኛ ማርሽ አስገቢ እንጂ፤ ስታቃስት አትሰሚም?" አሉ።

"መንዳት ይችላሉ እንዴ?"

"የሟች ባሌ ጭነት መኪና ላይ ዐሥር ዓመት ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ዳገት ላይ ማርሹን የምነግረው እኔ ነበርኩ።"

መምህርቷ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ሦስተኛ አስገባች። "እሺ፣ ከዚያስ?" አለች።