የወንዳፍራሽ ሥራ

ወንዳፍራሽ ከተመረቀ ጀምሮ ዓለም ገና እናቱ ቤት ሥራ ሲጠብቅ ከርሟል። ማርያማዊትን ሊያገባ እኔን፣ ኦቦ ደቻሳንና ባለሱቁን ሀሰኖን ለሽምግልና ሲልከን አንድ ነገር አደራ አለን።

"ሥራውን ከጠየቋችሁ 'ኦሺዮስ ነው' በሉ። አባቷ ጋሽ ባርናባስ የቢሮ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛ አልገባኝም አይሉም።"

እንግሊዝኛን ከሬዲዮና ከአሮጌ መዝገበ ቃላት ለቃቅሜያለሁና ቃሉን አውቀዋለሁ። ሥራ ፈት ማለት ነው።

"እኔ አልዋሽም" አልኩት።

"ምኑ ነው ውሸቱ ጋሼ?"

እውነቱን ነው።

ሰበታ፣ የማርያማዊት ወላጆች ቤት ደረስን። እንደ ወጉ፣ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለን ቆምን።

"ልጁ ምን ይሠራል?" አሉ የልጅቷ አባት።

ኦቦ ደቻሳ ደረታቸውን ነፉ። "ኦሺዮስ ነው!"

"አሃ!" አሉ አቶ ባርናባስ። "ጥሩ መስክ ነው። ዘንድሮ የሚፈለገው እሱ ነው።"

ያለቀ መስሎን ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅዬ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"ምንድን ነው እሱ? ልጄን ለማን እንደምሰጥ ልወቅ እንጂ።"

ኦቦ ደቻሳ በክርናቸው ጎሰሙኝ። በልቤ አማተብኩ።

"ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ሥራ የሌለው ማለት ነው፤ ልጃችን እሱ ነው፣ ፈልጎ አላገኘም። ሁለተኛው፣ እንግሊዞቹ የሚያዘወትሩት፣ ቦታ ይዞ የተቀመጠ፣ ባይኖርም የማይጎድል ነገር ነው።"

የአቶ ባርናባስ ፊት ጠቆረ። "ሥራ ፈት ይዛችሁ ነው በሬን የምታንኳኩት?"

"ቆይ እስቲ" አሉ ብርቅዬ። "ሁለተኛው አንተ አይደለህም እንዴ? የምትመታው ማኅተም በኮምፒውተር ከተተካ ወዲህ ምን ትሠራለህ? ገና ሳይነጋ ለታክሲ ተጋፍተህ አዲስ አበባ ትሄዳለህ፣ ወንበር አሙቀህ ትመለሳለህ።"

"ደመወዝ አመጣለሁ እኮ!"

"ወንበሩን ለልጁ ይስጡት፤ እሱም ያሞቀዋል" አሉ ብርቅዬ።

ሀሰኖ ሳቁን ሊውጥ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አቶ ባርናባስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወንድሜ፣ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?" አሉኝ።

"የመጀመሪያው። እሱ ሥራ ያገኘ ቀን ይቀራል።"

"በሉ ተቀመጡ" አሉን። ኦቦ ደቻሳ ሁለተኛ እስኪባሉ አልጠበቁም።

ማምሻውን ዓለም ገና ተመልሰን ምሥራቹን ስንነግረው ወንዳፍራሽ እጁን አጨበጨበ።

"አላልኳችሁም? እንግሊዝኛ ሲሰሙ ምንም አይጠይቁም!"