ሃሴት በምትሰማበት በኩል

ወይዘሮ እታፈራሁ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ከደብረ ብርሃን ሐዋሳ የገቡት ሐሙስ ዕለት ነበር። ነጠላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ልጅቷ ወደተኛችበት ሶፋ ሄዱና በቀኝ በኩል ጎንበስ አሉ።

"ሃሴቴ፣ የኔ እመቤት።"

ሃሴት ዓይኗን ከመጋረጃው አልነቀለችም።

"ኮራችብኝ። ቁርጥ አባቷን" ብለው ሳቁ። ከዚያ የሱፍ ቆቧን ነካ አደረጉት። "በዚህ ሙቀት ይሄ ምንድን ነው ልጄ? ደብረ ብርሃን ያላችሁ መሰለሽ እንዴ?"

"የሐይቁ ነፋስ አይታመንም እማማ" አለች ዮርዳኖስ። ባሏ ካሳሁን የእናቱን ሻንጣ እንደያዘ መሬት መሬት አየ።

ነፋሱ ሰበብ ነው። የሃሴት ቀኝ ጆሮ ከተወለደች ጀምሮ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ ጥቅልል ሥጋ ነው፤ ቀዳዳም የለው። ሐኪሙ ለእናቷ በጽንስነቷ ሳያድግ የቀረ መሆኑን፣ የማንም ጥፋት አለመሆኑን ነግሯታል። ዮርዳኖስ የባዮሎጂ መምህርት ናትና ነገሩ ገብቷታል። መግባቱ ግን አማቷ "ነፍሰ ጡር ሳለሽ ምን አይተሽ ነው?" ያሉ ዕለት የሚያድናት አልመሰላትም። ስለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን የሚላከው ፎቶ ሁሉ በግራ በኩል የተነሣ ነበር።

የክርስትና ቀን ግን ቆብ የለም። ሕፃን ራቁቷን ትጠመቃለች፤ ካህኑም ሜሮን ሲቀቡ ጆሮን አይዘሉም። አማቷ ሰው ፊት በድንገት ከሚያዩት እሷ ብትነግራቸው እንደሚሻል ታውቃለች። አፏ ግን አልታዘዝ አላት።

ማምሻውን ወይዘሮ እታፈራሁ የመሐረባቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ውስጡ ትንንሽ የወርቅ ጉትቻ ነበር።

"ከእናቴ የደረሰኝ ነው። ሴት ልጅ አልወለድኩም፤ ይቺን ሲጠብቅ ኖረ። ክርስትናዋ ካለፈ ጆሮዋን እናስበሳታለን።"

ዮርዳኖስ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ያለ ሥራዋ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ አጠበች።

በማግስቱ ወይዘሮ እታፈራሁ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ እንደወጡ ታቢታ ከከተማው ዳር ካለችው ከቱላ አቮካዶ በፌስታል ይዛ መጣች። እሷንና ዮርዳኖስን ያገናኘቻቸው አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የታቢታ ልጅ ሚኪያስ ሁለቱም ጆሮው ድፍን ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች አልፎ አልፎ እሷ ቤት ይሰበሰባሉ። ዮርዳኖስ አንድ ጊዜ ሄዳ በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ምንም ሳትናገር ተመልሳለች።

"ይሄ ቆብ አሁንም አለ?" አለች ታቢታ።

"ነገ እስኪያልፍ ነው።"

"ነገ ሲያልፍ ትምህርት ቤት ይመጣል። ቀጥሎ ሰርጓ ይመጣል። በቆብ ልትድሪያት ነው?"

ዮርዳኖስ ሳታስበው ሳቀች። ታቢታ ግን አልሳቀችም።

"የኔ ልጅ የመስሚያ መሣሪያው በጨርቅ ራሱ ላይ እስኪታሰርለት ድምፄን በደንብ አያውቀውም ነበር። ያንቺ አንድ ሙሉ ጆሮ አላት። እሱንም በሱፍ አፍነሽባታል።"

ዮርዳኖስ ስታስብ የኖረችው ስለ ቀኙ ብቻ ነበር። ቆቡ ግራም እንዳለው ልብ ብላ አታውቅም። ክሩን ፈትታ አወለቀችው። የሃሴት ፀጉር በላብ ርሶ ነበር።

ወይዘሮ እታፈራሁ የገቡት ይሄኔ ነው። ሳሎኑ መሃል ቆመው ቀሩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ስትወለድ ጀምሮ ነው እማማ።"

"ካሳሁን ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"እኔ ነኛ ባዳዋ።" ቁጭ አሉ። ከዚያ ያ የተፈራው ጥያቄ መጣ፤ "ምን አይተሽ ነው?"

"ምንም አላየሁም። የማንም ጥፋት አይደለም።" ቃሉን ከሐኪሙ አፍ ብትሰማውም ከራሷ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

"የኔ ልጅ ሚኪያስ ሁለቱም ጆሮው እንዲህ ነው፤ እሱን ሲያዩ ይለምዱታል እማማ" አለች ታቢታ በለሆሳስ። "እኔንም እናቴ ይህንኑ ጠይቃኛለች።"

ወይዘሮ እታፈራሁ ወደ ዮርዳኖስ ዞሩ። "ነገ ዘመድ ሁሉ አለ። ለጥምቀቱ ይሁን፤ እንዳበቃ ግን ቆቡን መልሺላት።"

"አልመልስም እማማ።"

ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። ወይዘሮ እታፈራሁ ተነሥተው ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ፤ ለራትም አልወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት አባ ወልደጻድቅ የሃሴትን ግንባር፣ ዓይኗን፣ ግራ ጆሮዋን ቀቡ። ቀኙ ጋ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆም አለ። ቄሱ ቀና ብለው ማንንም አላዩም፤ ያቺን ጥቅልል ሥጋ ዙሪያዋን ቀቧትና ወደ አፍንጫዋ አለፉ።

ደጀ ሰላሙ ላይ ዘመድ "እንኳን ደስ አላችሁ" እያለ ከበባቸው። አንዷ አንገቷን አስግጋ አየች፤ ሌላዋ ክንዷን ጎሸም አደረገቻት። ሃሴት ራሷን እንደተገለጠች ታለቅሳለች። ወይዘሮ እታፈራሁ ሰዉን ከፍለው ገቡና በቀኝዋ ቆሙ።

"ሃሴቴ።"

ልቅሶው ቀጠለ። አሮጊቷ ዮርዳኖስን ሳያዩ፣ "በየትኛው በኩል ነው የምትሰማው?" አሉ።

"በግራዋ።"

የጉትቻው ቋጠሮ በመዳፋቸው ነበር፤ ስለሱ ምንም አላነሡም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ በዮርዳኖስ ጀርባ ዞሩ፣ ከዚያም ጎንበስ ብለው እንደገና ጠሯት።