አድማጭ ፍለጋ ወደ አጋሮ

ረይሃና ቁጣዋ ቅርብ ነው፤ ያን ሳምንት ግን ማንም ቢሆን ይቆጣ ነበር። ወንድሟ ፋሂም መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለች ጠባብ ክፍሉ ስምንት ወር ላፕቶፕ ላይ ተተክሎ አንድ የዳንስ ሙዚቃ ሠርቷል። ዘፋኝ የለው፣ ግጥም የለው፤ ምትና ድምፅ ብቻ። ቪዲዮውን ሊሠራለት የተስማማው የአዲስ አበባ ድርጅት «ማን እንደሚያየው እስከ ዓርብ በጥናት አሳዩን፤ ካልሆነ ይቅር» አለ። ጥናቱ ማርኬቲንግ የተማረችው ረይሃና ላይ ወደቀ።

ድርጅቱ የላከው የጥናት ቅጽ ደግሞ መልሱን ይዞ ነው የመጣው፦ «ከ18 እስከ 25 ዓመት፣ ክለብ የሚያዘወትር የከተማ ወጣት።» መልሱን የሚያውቅ ሰው ምን ያስጠይቀዋል?

እንዲያም ሆኖ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ በር ላይ ቆማ አርባ ተማሪ ጠየቀች። አርባውም ዋሸ። «በጣም አሪፍ ነው!» ይላሉ፤ ማዳመጫውን ግን ደቂቃ ሳይሞላ ከጆሯቸው አውጥተው ይመልሱላታል። አንዱማ ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት።

ተናዳ ባጃጅ ውስጥ ገባችና ሙዚቃውን እንደገና ከፈተችው። ሹፌሩ ኡመይር፣ የሰፈሯ ልጅ፣ ዞር አለ።

«የፋሂም ነው አይደል? በፍላሽ ሰጥቶኝ አጋሮ ያለችው አክስቴ ቀማችኝ።»

«አክስትህ? ምን ታደርግበታለች?»

«መጋዘን ቡና ትለቅማለች። ወላሂ፣ እዚያ ሌላ ነገር አይከፈትም አሉ።»

በማግሥቱ ሚኒባስ ይዛ አጋሮ ወረደች። መጋዘኑ ውስጥ ስድሳ የሚሆኑ ሴቶች ጥቁሩንና የተሰበረውን የቡና ፍሬ እየለዩ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ላይ ካለው ስፒከር የወንድሟ ሙዚቃ ይደልቃል፤ አንዷ ብድግ ብላ ድምፁን ጨመረችው። የኡመይርን አክስት ጠይቃ አገኘቻት።

«አደ ኩልሱም፣ እርስዎ ይሄን ይወዱታል?»

«ለምን አልወድም? አሮጊት ናት ብለሽ ነው?»

«አይ፣ ማለቴ…»

«ማለትሽ ገብቶኛል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።» ሴቶቹ ሳቁባት።

ከጎኗ ያለችው ብርሃንነሽ ነገሩን አስረዳቻት። «በዚህ ስፒከር ስንቴ ተጣልተናል መሰለሽ! እሷ መንዙማ፣ እኔ መዝሙር፣ እነዚያ የኦሮምኛ ዘፈን፣ ያቺ የዳውሮ። አንድ ቀን እንዲያውም የኩልሱምን ፍላሽ ደብቄያለሁ።»

«ሰርቄያለሁ በይ!»

«ደብቄ ነው! ይሄ ግን ቃል የለው፣ ማንንም አይነካ። ከማን ጋር እንጣላ?»

«ኤዬ፣» አለች ኩልሱም፣ «ባሌ እንኳ ይሄ ሙዚቃ ምን ይላል ሲለኝ፣ ምንም አይልም አልኩት። መቼም አልዋሸሁም።»

ረይሃና እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ቅጹን ሞላች፦ «ከ40 እስከ 60 ዓመት፣ ቡና ለቃሚ ሴቶች።» ላከችው። ብዙ ሳይቆይ የድርጅቱ ሰው ፈለቀ ደወለ።

«ዕድሜውን ተሳስተሻል።»

«አልተሳሳትኩም።»

«አንቺ፣ እኔ ልርዳሽ ብዬ ነው። ቁጥሯን ብቻ ለውጪና ቪዲዮው ነገ ይጀመራል።»

የፋሂም ስምንት ወር ትዝ አላት። ቁጥሯን መለወጥ ለአፍታ አማራት።

«እነዚህን ሴቶች ሰርዤ የዋሹኝን አርባ ልጆች ልጻፍልህ?»

«ኧረ ቀለል አድርጊው!»

«አላደርገውም!» ዘጋችበት።

ቤት እስክትደርስ ስትፈራ ዋለች። የክለብ ሙዚቃ ሠራሁ ላለ ልጅ፣ ቪዲዮህ ቀርቷል፣ አድማጮችህም የእናትህ እኩዮች ናቸው ተብሎ እንዴት ይነገራል? ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ፋሂም ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«የቱ ጋ ሲደርስ ነው ድምፁን ከፍ የሚያደርጉት?»

«ከበሮው ጠፍቶ ሲመለስ።»

«እሷን ቦታ ሦስት ሳምንት ነው የለፋሁባት!» ብሎ ብድግ አለና ሰርግ ከሚቀርጽ ጓደኛው ካሜራ ሊዋስ ወጣ።

ቅዳሜ በምሳ እረፍት ወንድምና እህት አጋሮ መጋዘኑ ውስጥ ነበሩ።

«እስቲ ደንሱልኝ፣» አለ ፋሂም በልመና።

«ከጠዋት ጀምሮ ጎንበስ ብለን? በየትኛው ወገባችን?» አለች ብርሃንነሽ።

ኩልሱም ቀጠለች። «አንተ ደንስ። ተመልካች አይደል የምትፈልገው? ይኸው፣ ሞልተናል!»

ፋሂም እህቱን አየ፤ ካሜራውን ሰጥቷት በጆንያዎቹ መሃል ገባ። ዳንስ እንደሆነ አይችልም። መጋዘኑ በእልልታና በሳቅ ተናጋ፤ ብርሃንነሽ የኩልሱም ትከሻ ላይ ተደፍታ እንባዋን ጠረገች። ረይሃና ካሜራውን ከወንድሟ ላይ አነሳችና ወደ ሴቶቹ አዞረችው።