ተከራይም ይቀበራል

ፈትሂያ ክፉውን ሳታስብ ውላ አታውቅም። ልጇ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየ ባጃጅ ገጭቶታል፤ ደመና ከጠቆረ ቦርከና ወንዝ ሞልቷል። የሰፈሩ ሰው የቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ ዳኛ አድርጎ የመረጣትም «ሞትን ከእኛ ቀድማ የምታየው እሷ ናት» ብሎ እየሳቀ ነው።

ዛሬ ግን የፈራችው ደረሰ። አቶ ዘካሪያ የሚመሩት የቅሬዎች ኅብረት ቁጥጥር ኮሚቴ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ቅሬው የቆየውን ልማድ ሽሮ፣ ቤት የሌላቸውን የፋብሪካ ሠራተኞችም አባል አድርጓል። ኮሚቴው ይህን ውሳኔ ሊመረምር ነው።

ከመሰብሰቢያው ጀርባ ባለች የኪራይ ክፍል የሀናን እናት በጠና ታመው ተኝተዋል። ሀናን የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ዘመዶቿ ሁሉ ርቀው ቢስቲማ ናቸው። ውሳኔው ከተሻረ፣ እናቷ ቢሞቱ ሬሳቸውን የሚሸከምላት፣ አጠገቧ የሚቀመጥላት የለም።

«የት ሆናችሁ ወሰናችሁ?» አሉ አቶ ዘካሪያ።

«ለቅሶ ቤት» አለች ፈትሂያ። ሰው ሁሉ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ድንኳን ሥር እንደተቀመጡ ነበር እጅ ያወጡት።

«ደንባችሁ ለቅሶ ቤት የቅሬ ጉዳይ አይነሣም ይላል። ስለዚህ ተሽሯል። ቤት ያላቸው ብቻ ይቀጥላሉ።»

ፈትሂያ ፈሪ ናት። አፏ ግን አልፈራም።

«ጋሼ ዘካሪያ፣ ለቅሶ ቤት መወሰናችን ጥፋት ነው፤ ወላሂ አንከራከርም። ‹ቤት ያላቸው ብቻ› የሚለውን ግን ከየት አመጡት? ይሄማ ምርመራ አይደለም፣ በእኛ ቦታ መወሰን ነው። የምንቀብረውን ሰው ደሴ ተቀምጣችሁ ልትመርጡልን?»

«ታዲያ ዝም ብለን እንያችሁ?»

«እዩን እንጂ! መንገድ ስንስት ንገሩን። የምንሄድበትን ግን ለእኛ ተዉልን።»

«እንግዲያው በደንቡ ጠርታችሁ እንደገና ወስኑ» አሉ ፈገግ ብለው። «ዛሬ ሰው ካገኛችሁ።»

ደንቡ አባል በጥሩምባ ይጠራል ይላል። ጥሩምባ ነፊው ሰማኸኝ ሥራ ላይ ነበር። ፈትሂያ ራሷ ወጥታ ነፋችው። ያነቀው ሰው የሚያስለው ይመስል ነበር፤ ቢሆንም ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ኩኩ ከእነሳሙና አረፋዋ ከልብስ አጠባ ሮጣ ደረሰች።

«ማን ሞተ? እኮ ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም።»

«አንቺ ሴትዮ! በቁማችን ልትቀብሪን ነው?»

«ከደነገጣችሁ አይቀር ተቀመጡ።»

ጉዳዩን ነገረቻቸው። አዛውንቱ አምባዬ «ዛሬ መጥቶ ነገ ለሚሄድ ተከራይ እኔ አልሸከምም» አሉ። አስጨርሰዋቸው ሰሙ። ከዚያ ከእሳቸው በቀር ሁሉም እጁን አወጣ፤ የኩኩም እጅ አረፋ እያንጠባጠበ።

«አሁንስ መንገድ ስተናል?» አለች ፈትሂያ።

አቶ ዘካሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አልሳታችሁም። ውሳኔው ግን አላማረኝም።»

«እርስዎን እንዲያምርዎት አይደለም፣ ጋሼ። የምንሸከመው እኛ ነን።»

ከዚያ ወደ ሀናን የኪራይ ክፍል ሄደች። ሀናን በሩ ላይ ቆማ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማን ነው የሞተው እትዬ?»

«ማንም። ገብተሽ ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ቅሬ አላቸው።»

ከውስጥ የአሮጊቷ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «አልሐምዱሊላህ በያት። ግን አትቸኩሉብኝ።»