የወደቀው ማን ነው?

ይልማ ከጣሪያው ሲወድቅ አብዱረሂም አላየውም። ጀርባውን ሰጥቶ ብሎን እያጠበቀ ነበር። የሰማው አንድ የስብራት ድምፅ ብቻ ነው። ዞር ሲል ጓደኛው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ። ታች የመጋዘኑ ሲሚንቶ ወለል፣ ወለሉ ላይ ይልማ።

በፈረንጆች 2015 ነው፣ ሙቀቱ ገና ሲጀማምር። ሪያድ፣ ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ውስጥ የአንድ አሮጌ መጋዘን የዛገ ቆርቆሮ እያነሱ በአዲስ ይቀይሩ ነበር። ብርሃን እንዲያስገባ ተብሎ በቆርቆሮው መሀል አልፎ አልፎ ፕላስቲክ ተነጥፏል። የዓመታት አቧራ ስለሸፈነው ከብረቱ አይለይም። ይልማ የረገጠው እሱን ነው።

ሁለቱም ከወሎ ናቸው። አብዱረሂም የሐርቡ ልጅ ነው፤ በቪዛ መጥቶ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ያለው። ይልማ ከቆቦ በየመን በኩል በእግሩ የገባ ነው፤ በእጁ አንድም የመኖሪያ ወረቀት የለም። ዑድ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተው ሲኖሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

የሥራው ኃላፊ ሳቢር ይልማን በፒካፕ አስጭኖ ወደ ሆስፒታል እየነዳ፣ አብዱረሂምን በዓረብኛ እንዲህ አለው፦

"ጓደኛህ ወረቀት የለውም። በር ላይ የሚቀበለው ፖሊስ ነው። የአንተን ኢቃማና የታሚን ካርድ ስጣቸው። ዕድሜያችሁ አንድ ነው፣ ፊቱም እንደምታየው አብጧል። ከቤት ደረጃ ላይ ወደቀ በል። ጣሪያ የሚባል ነገር እንዳታነሳ።"

"እኔስ ማን ልባል?"

"ወንድሙ ነኝ በል። ኸላስ።"

አብዱረሂም የታሚን ካርዱን አወጣ። ኢቃማው ሲታደስ የሰጡት ነው። ታሚን ማለት ዋስትና እንደሆነ ያውቃል፤ ለምን ነገር ዋስትና እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። ካርዱ እንዳይጠፋበት ብቻ ነበር የሚጠነቀቀው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ይልማን በአልጋ እየገፉ አስገቡት። ሳቢር መኪና ላቁም ብሎ ወጣና አልተመለሰም። አብዱረሂም ብቻውን ኮሪደሩ ላይ ቀረ።

"አብዱረሂም!" ብላ አንዲት ነርስ ስትጣራ ብድግ አለ። ከዚያ አሁን አብዱረሂም እሱ እንዳልሆነ ትዝ ሲለው መልሶ ተቀመጠ።

ነርሷ ወደ እሱ መጣች። "የአብዱረሂም ወንድም አንተ ነህ? የማይስማማው መድኃኒት አለ? ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል?"

ስለ ራሱ ቢሆን ያውቃል፤ በልጅነቱ ትርፍ አንጀቱ ወጥቷል። ስለ ይልማ ግን ምን ያውቃል? የሚወደውን ምግብ ያውቃል፣ በእንቅልፍ ልቡ እንደሚያወራ ያውቃል። የምትጠይቀው ስለማን ነው? አዎ ቢል ውሸት፣ አይደለም ቢል ውሸት መሰለው። "አላውቅም" አላት። ወንድም እንዴት አያውቅም በሚል ዓይን አየችው።

ወዲያው ሐኪሙ ወረቀት ይዞ መጣ። ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው፣ መከፈት አለበት፣ በቤተሰብ ስም ፈርም አለው። አብዱረሂም እስክሪብቶውን ተቀበለ። ወረቀቱ ላይ የራሱ ስም አለ። ይልማ ቢሞትስ? የሚሞተው አብዱረሂም ነው። መርዶው የሚደርሰው ሐርቡ ላለችው ለሚስቱ ነው። የይልማ እናት ደግሞ ቆቦ ላይ ስልኩ ለምን ጠፋ እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ትጠብቃለች። ሳይፈርም እስክሪብቶውን መለሰ።

መዝገብ ክፍል የሚሠራ ኢድሪስ የሚባል ጠና ያለ ሰው ነበር፤ ኤርትራዊ ነው፣ አዲስ አበባ ስላደገ አማርኛ ይናገራል። ሲገቡ ካርዱንና ኢቃማውን በመስኮት የተቀበለው እሱ ነው። አብዱረሂም ወረቀቱን ይዞ መስኮቱ ጋ ሄደ።

"ውስጥ ያለው ሰው እኔ አይደለሁም" አለው።

ኢድሪስ ቀና ብሎ አየው። "ምን አልክ፣ ወንድሜ?"

"አብዱረሂም እኔ ነኝ። የወደቀው ይልማ ነው። ካርዱ የኔ ነው። ከጣሪያ ነው የወደቀው፣ ሥራ ላይ። ደረጃ በል ብለውኝ ነው።"

ኢድሪስ ሮጦ ለሐኪሙ ነገረ። የይልማ መዝገብ አዲስ ተከፈተ፣ ቀዶ ጥገናውም ፊርማ ሳይጠበቅ ተጀመረ። ተመልሶ ሲመጣ "ነፍሱ ልትወጣ ያለችን ሰው ወረቀት የለህም ብለን ከበር አንመልስም" አለ። "ፖሊስ ይመጣል፣ እውነት ነው። ግን የሚመጣው ከሕክምናው በኋላ ነው። ይህን ማንም አልነገራችሁም?"

"አልነገሩንም። የወደቅኩት እኔ ብሆን ኖሮስ? እኔ እኮ ካርድ አለኝ።"

"ካርድህ ለሕመም ነው። ለሥራ አደጋ ያለው ታሚን ሌላ ነው። አሠሪው ነው የሚያስመዘግብህ።"

"ወድቄ ወገቤ ቢሰበር ሕመም አይደለም?"

"ሕመም ነው። ግን ሥራ ላይ የመጣ ሕመም ነው። ሳትሠራ በምትተኛበት ጊዜ ደሞዝህን፣ አካልህ ከጎደለም ካሳህን የምታገኘው በዚያኛው ነው። ተመዝግበሃል?"

"አላውቅም" አለ አብዱረሂም። በዚያን ቀን ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለው ጠፋበት። ኢድሪስ ኢቃማውን ከጠረጴዛው አንስቶ የሥራ ዓይነቱን አነበበለት፦ ዘበኛ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ላይ ሲወጣ የኖረው ሰው በወረቀት በር ጠባቂ ነበር።

ይልማ ተረፈ። ጣፊያው ወጣ፣ እግሩ በብረት ተያያዘ። ፖሊስ ሲመጣ ሳቢር "ይህን ሰው አላውቀውም" አለ። አብዱረሂም ግን አብረን ስንሠራ ነበር ብሎ ቃሉን ሰጠ። በካርዱ ጉዳይ እሱንም ወቀሱት፤ ራሱ ስለተናዘዘ በማስጠንቀቂያ ለቀቁት። ፖሊሶቹ ያስፈረሙት ወረቀት ምን እንደሚል እስከ ዛሬ በደንብ አያውቀውም።

ከወር በኋላ ይልማ በክራንች ወደ ተርሂል፣ ወደ አገር የሚባረሩ ሰዎች ማቆያ፣ ተወሰደ፣ ከዚያም ወደ አገሩ። በስሙ የተመዘገበ ሥራ ስላልነበረው ካሳ የሚባል ነገር አላገኘም። ሲለያዩ "ስሜን ስለመለስክልኝ አመሰግናለሁ" አለው። አብዱረሂም ምስጋና ይሁን ቅሬታ መለየት አቃተው። እውነቱን መናገሩ ይልማን አድኖታል ወይስ ለተርሂል ዳርጎታል? ሁለቱም እውነት መሰሉት።

ሳቢር አብዱረሂምን ያባረረው ቃሉን በሰጠበት ሳምንት ነው። ኢቃማውን ወደ ሌላ ሙቃዊል፣ ወደ ሌላ ሥራ ተቋራጭ፣ ለማዛወር አራት ወር ፈጀበት። አዲሱ አሠሪ መላዝ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ጣሪያ ሊያሳድስ ነበርና ውጣ አለው። አብዱረሂም መሰላሉ ሥር ቆሞ በየትኛው ሥራ እንደተመዘገበ ጠየቀ።

"ምን አገባህ? ደሞዝህን ታገኛለህ" አለ ሰውየው።

"የሥራ አደጋውን የታሚን ወረቀት ካላየሁ አልወጣም።"

ሰውየው ግራ ገባው፤ እንዲህ የጠየቀው ሠራተኛ አልነበረም። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለቢሮው ጸሐፊ ደወለ። አብዱረሂም ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ የሥራ ዓይነት፦ የጣሪያ ሠራተኛ ይላል። ለኢድሪስ ፎቶ አንስቶ ላከለትና ትክክል ነው እስኪለው ድረስ መሰላሉን አልነካም።