ድልድይ የተሻገረው ቀንዲል

ባለቤቴ አልቪዜ ሳንባውን ታሞ የብርዱን ወራት ሙሉ ሲተኛ አንድ ስለት ተሳለ። «ጌታዬ፣ ትንፋሼን ከመለስክልኝ፣ የመጀመሪያውን ነፍቼ ለቤትህ የብርጭቆ ቀንዲል አደርገዋለሁ» አለ። ፋሲካ አልፎ ሐኪሙ «ቀስ እያልክ ሞክር» ሲለው ምድጃው ፊት ቆመና አማተበ።

ሙራኖ ደሴት ላይ የቀለጠ ብርጭቆ በቧንቧ እየነፋን ዕቃ የምንሠራ ቤተሰቦች ብዙ ነን። በእኛ ቤት አልቪዜ ይነፋል፣ እህቱ ፎስካ የቀለጠውን ታቀብለዋለች፣ እኔ ከፊት ያለችውን ጋለሪ እይዛለሁ። ያን ቀን ግን ጋለሪውን ዘግቼ ከኋላው ቆምኩ። የማዳምጠው ደረቱን ነበር።

ፎስካ ከማቅለጫው ማሰሮ ቀዩን ብርጭቆ በብረት ቧንቧ ጠቅልላ ሰጠችው። ነፋ። አረፈ። ደግሞ ነፋ። በመሃል ሳል ሲይዘው ቧንቧውን ተቀብላ እያሽከረከረች ጠበቀችው።

«አይዞህ ወንድሜ፣ ብርጭቆው የትም አይሄድብህም» አለችው።

ቀንዲሉ ሆዱ ሞላ፣ አንገቱ ወጣ፣ እንደ ሮማን ቀላ። የቀረው ቀስ በቀስ በሚቀዘቅዘው ሙቅ ምድጃ፣ በማብረጃው ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። ትኩስ ብርጭቆ ሲያድር ቀስ እያለ ካልበረደ ይሰነጠቃል። ፎስካ የማብረጃውን በር ከፈተች። ምንም ሙቀት ፊቷን አልነካውም።

«ጠዋት እኮ አብርቼው ነበር!»

እውነቷን ነው፤ መሃል ላይ ተቃጥሎ ጠፍቷል። ሦስታችንም የአልቪዜን ትንፋሽ ስንጠብቅ ማብረጃውን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም።

አልቪዜ ቀንዲሉን ወደ እሳቱ መልሶ እያሞቀ አየኝ። «ሌላ የምነፋበት አቅም የለኝም፣ ነሪና።»

የሚቀርበው ማብረጃ ከድልድዩ ማዶ ያለው የኤርሜቴ ነው። ከእነሱ ጋር ደግሞ አንነጋገርም፤ የእሱና የአልቪዜ አባቶች «የቀለማችንን ምስጢር ሰረቃችሁ» ተባብለው እንደተጣሉ ነው የሞቱት። እኛ ዘንድ ሰው የሌላው ምድጃ ቤት ዘው ብሎ አይገባም። እንግዳ ከመጣ ምስጢሩ እንዳይታይ የቀለሙ ማሰሮ ላይ ጨርቅ ይጣላል።

«ተሸከሚ!» አለችኝ ፎስካ። የጋዙን ሲሊንደር ታቀፍኩ። እሷ ቀንዲሉ እንዳይበርድ ከጋዙ ቱቦ የሚወጣውን ነበልባል ላዩ ላይ ይዛ፣ አልቪዜ ብረቱን ሳያቋርጥ እያሽከረከረ ወጣን። ድልድዩ አናት ላይ ነፋስ ነበልባሉን ወደ ጎን ገፋው። በጀርባዬ ከለልኩለት። ከዚያ ወዲያ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ማለቴን እንጂ ሌላ አላስታውስም።

ኤርሜቴ ደጁ ላይ ቆሟል።

«ምነው፣ የእናንተ ብርጭቆ ሽርሽርም ይወጣል እንዴ?»

«ማብረጃችን ሞቶብናል» አለች ፎስካ። «ስድቡን በኋላ ትጨርሰዋለህ፤ በሩን ክፈት!»

ወደ አልቪዜ ዞረ። «አንተስ? ምላስህን ድመት በላው?»

«ትንፋሼ… እዚህ ውስጥ… አለቀ» አለ አልቪዜ፣ በአገጩ ቀንዲሉን እያሳየ።

ስለቱን ደሴቱ ሁሉ ሰምቶ ነበር። ኤርሜቴ በሩን በትከሻው ገፋው። ውስጥ ያለው ሽማግሌ ረዳቱ እኛን ሲያይ ጨርቅ አንስቶ ወደ ቀለሙ ማሰሮ ተጣደፈ።

«ተወው!» ብሎ ጮኸበት ኤርሜቴ። «ምኑን ነው የምትሸፍነው? ማብረጃውን ክፈትላቸው!»

የዚያ ቤት ቀለም እንደተገለጠ አጠገባችን ነበር። እኛም ዓይናችንን ወለሉ ላይ ተክለን አለፍን።

በማግስቱ የማብረጃውን በር የከፈተው ራሱ ኤርሜቴ ነው። ፎስካ ቀንዲሉን በጥፍሯ መታ አደረገችው፤ እኔ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ስንጥቅ ያለበት ብርጭቆ እንዲያ አይጮኽም። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ኤርሜቴ አጎንብሶ መረመረው። «አረፋ አለበት።»

«ሳስል የገባች ናት» አለ አልቪዜ።

«እንግዲያው ትኑር።»

ቀንዲሉ አሁን ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከመሠዊያው በላይ ተሰቅሏል። ሲበራ ባየሁ ቁጥር ስለ ትንፋሹ አመሰግናለሁ፤ ቀጥሎም ስለዚያ በር። ኤርሜቴም አንዳንዴ ድልድዩን ተሻግሮ ሊተርበን ይመጣል። ድምፁን ስትሰማ ፎስካ በልማድ እጇን ወደ ማሰሮው መሸፈኛ ጨርቅ ትሰዳለች። ከዚያ ትዝ ይላትና ላቧን ትጠርግበታለች።