በቀል ይዛችሁ ኑ

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ፊደል ነው። አጣቢዋ «ቃ»ን «ቀ» ብላ አነበበች፤ በቃ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ በደብሩ አዳራሽ የጎልማሶች የእምነት ጉባኤ አለ። ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ይደረደራሉ፣ የሚጠናው ወረቀት ከሳምንት በፊት ይታደላል፣ ሰው ያነባል፣ ከዚያ ይወያያል። የሚመራው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሊዘጋ ሲል እንደ ድሮ ሥራው «ወራጅ አለ?» ይላል፤ ጥያቄ ያለው ሰው ያኔ ይናገራል።

አጣቢዋ ዕድሜዋን የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ነች። ፊደል የቆጠረችው ገና በቅርቡ ነው፤ በዚያው አዳራሽ፣ ሐሙስ ሐሙስ በሚሰጠው የማንበብና የመጻፍ ትምህርት። የጀመረችውም ለአንዲት ልጇ ስትል ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ወረቀት ባመጣች ቁጥር «አንብቡልኝ» እያሉ ወደ ጎረቤት መሮጥ አንገፍግፏት ነበር። በጉባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ ልታነብ የተነሳች ቀን ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ላብ እያጠመቃት እስከ ወረቀቱ ግርጌ ደረሰች። የመጨረሻዋ መስመር «ለሚቀጥለው ሳምንት በቃል ይዛችሁ ኑ» ትላለች። አጣቢዋ መድረሷ ደስ ብሏት ድምፅዋን ከፍ አደረገችና፣

«ለሚቀጥለው ሳምንት በቀል ይዛችሁ ኑ!» አለች።

ተሳቀ። ሳቁ ይረሳ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ግን አላስረሳችውም። ይህች ሴት የጉባኤው ምርጥ አንባቢ ትባላለች። አንዴም ተደናቅፋ አታውቅም፤ አፏም ከመቀሷ የተሳለ ነው።

«ስንት ስንት ኪሎ እናምጣ እህቴ?» አለች ወዲያው።

በሳምንቱ ደግሞ በር ላይ ጠብቃ፣ «በቀልሽን ይዘሽ መጣሽ ወይስ ቤት ረሳሽው?» አለቻት። ወር ሳይሞላ የአጣቢዋ ስም «እማማ በቀል» ሆኖ ቀረ። ስሙ ከአዳራሹ ወጥቶ ሰፈር ገባ፣ ከሰፈር ትምህርት ቤት ደረሰ። አንድ ቀን ልጇ ቦርሳዋን ወርውራ፣

«የበቀል ልጅ እያሉኝ ነው! ሁለተኛ እዚያ አዳራሽ አብሬሽ አልሄድም፣ እማዬ» አለቻት።

በእሷ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። ልጇን ሲነኩባት ግን ቂም ያዘች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባል አሳምራ ታውቃለች። እያሳለችም ቢሆን ማክሰኞ ማክሰኞ ሄደች። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ በዚያው ሰው ፊት፣ በዚያው አፏ ስትዋረድ ልጇ እንድታይ።

መንገዱን ያሳያት ጣሪያው ነው። ዝናብ ያፈሰሰ ቀን ወንበሮቹ ወደ አንድ ጥግ ተጠጉና ከልብስ ሰፊዋ ጎን ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ የዕለቱን ንባብ እንደ ውሃ ታወርደዋለች፤ አጣቢዋ በጣቷ ፊደል በፊደል ትከተላለች። ዓይኗን ወደ ጎን ጣል ስታደርግ ግን የሴትዮዋ ወረቀት ሌላ ሆነባት። የዛሬው ርዕስ «ይቅርታ» ነው፤ በ«ይ» ይጀምራል። ልብስ ሰፊዋ የያዘችው በ«ጸ» ይጀምራል፤ ያለፈው ሳምንት «ጸሎት» ነው። አፏ ይቅርታን ያነባል፣ ዓይኗ ጸሎት ላይ ተተክሏል።

አጣቢዋ ወዲያው ገባት። ማንበብ አትችልም! ቤቷ የሚያነብላት ሰው አለ፤ እሷ በቃሏ ይዛ ትመጣለች።

ለማንም አልተነፈሰችም። አንሶላ ሳይዘፈዘፍ አይታጠብም፤ ነገሩን ዘፈዘፈችው።

የጉባኤው መዝጊያ ቀን ቤተሰብ ሁሉ ተጠራ። አንባቢዋ ልብስ ሰፊዋ ነች። አጣቢዋ «ዛሬን ብቻ» ብላ ልጇን ለምና አመጣቻት። ልብስ ሰፊዋ በአዲስ ቀሚስ ቆማ የተሰጣትን ወረቀት አንበለበለችው፤ ተጨበጨበ። ሹፌሩ ተነሳና፣

«እሺ፣ ወራጅ አለ?» አለ።

«አለ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አጣቢዋ ቆማለች፤ ድምፅዋ ማር ሆኗል።

«እህቴ፣ አነባበብሽ ልቤን ነካኝ። ያ ጠረጴዛ ላይ ያለው የሚቀጥለው ዙር ወረቀት ነው አሉ። እስቲ ከእሱም ትንሽ አቅምሽን።»

«እውነቷን ነው» አለ ሹፌሩ፤ ወረቀቱንም አንስቶ ሰጣት።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አየችው። ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ዛሬ እንኳ መነጽሬን ረስቼ...»

«እንቺ የኔን።» አጣቢዋ ከቦርሳዋ መነጽር አወጣች።

«መብራቱም ደክሟል...»

«ምን ችግር አለ? አበራልሻለሁ።» ሄዳ አጠገቧ ቆመች፤ የስልኳን ባትሪ ወረቀቱ ላይ ለቀቀችው። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ይዤው መጣሁ፤ ቤት አልረሳሁትም» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። አፏን ስትከፍት የወጣው ያው ቅድም ያለችው ነው።

«እሱን አይደለም እህታችን፣ አዲሱን» አለ ሹፌሩ ግራ ገብቶት።

ልብስ ሰፊዋ ደገመችው፤ ያንኑ። ባሏ ከፊት ወንበር ተነሳ። «ተዋት፤ እኔ ነኝ ቤት የማነብላት» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ከኋላ አንዱ፣ «እማማ በቃል!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። የአጣቢዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ባትሪውን ሳታጠፋ ቆማ ሳቁን እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቷ ከፊት ከፊት ትራመዳለች። አጣቢዋ ምስጋና እየጠበቀች ነው።

«መነጽሩን ከየት አመጣሽው?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

«ከጎረቤት ተዋስኩ።»

«አንቺ መነጽር አታደርጊም እኮ።»

«አላደርግም። ላንቺ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ» አለች ልጅቷ፣ «አንቺ ልታነቢ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

የተዘፈዘፈ ነገር ሲወጣ ቀለሙ አብሮ የሚለቅበት ጊዜ አለ።

ሐሙስ ዕለት የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ሊጀመር ሲል በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ ገባች። የነበረው ባዶ ወንበር ከአጣቢዋ ጎን ብቻ ነው። መጽሐፍ አልተዳረሰምና አስተማሪዋ «ሁለታችሁ አንድ ላይ ተጠቀሙ» አለች።

አጣቢዋ መጽሐፉን መሃል ላይ አስቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ሳታያት አንዲት ፊደል ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺ ማን ናት?» አለች በሹክሹክታ።

አጣቢዋ አየቻት። «ቃ» ነች። «ቀ» ብትላት ማንም አይሰማም። ምላሷ ላይ መጣላት፤ ጣፈጣትም። ትንሽ አስጠበቀቻት፤ ደግሞ ትንሽ አስጠበቀቻት።

«ቃ» አለች።

ከዚያ መጽሐፉን በመጠኑ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።